የግቢ ሣርን ውሃ ቆጣቢ በሆነ አትክልት መተካት፦ ከአዳማ ነዋሪዎች ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ግቢውን ሣር ያለበሰ ሰው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሁለት ሥራዎች ይፈራረቁበታል፤ ውሃ ሲኖር ሣሩ እንዳይደርቅ ጎማ ይዞ ይቆማል፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ለቤቱ የሚሆነውን ፍለጋ ጀሪካን ይዞ ይወጣል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስኖር ቆይቼ የግቢዬን ሣር ከጥቂቱ በቀር አንሥቼ ብዙ ውሃ በማይሹ ተክሎች ተክቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶችና ዘመዶች በየጊዜው የሚያነሡልኝን ጥያቄዎች፣ በተግባር ያየሁትንና ከባለሙያ የተማርሁትን አጣምሬ ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ሣር በእርግጥ ይህን ያህል ውሃ ይጠጣል?

አዎን፤ ሒሳቡም ማንም በቤቱ ሊሠራው የሚችል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ አንድ ሊትር ነው። በእኛ አካባቢ በበጋ ወራት ፀሐይና ነፋስ ተባብረው በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ የማትነን አቅም አላቸው፤ በሞቃት ቦታ የሚበቅሉት የሣር ዓይነቶች አረንጓዴ ሆነው እንዲቆዩ ከተፈለገ ደግሞ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በየቀኑ ማግኘት አለባቸው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ሣር በቀን ከ300 እስከ 350 ሊትር፣ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቆጠር ከ15 እስከ 17 ጀሪካን ይፈልጋል። በወር ሲደመር 10 ሜትር ኩብ ያህል በቆጣሪዎ ላይ ይጨምራል ማለት ነው። ይህም ጎማው ሳያፈስ፣ ውሃው ወደ አስፋልት ሳይወርድና በቀትር ሳይተን ነው፤ በተለመደው አጠጣጥ ግን ብክነቱ ቀላል አይደለም።

የአዳማን ነፋስ አቅልሎ ማየት አይገባም። ከከተማዋ ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ 51 ሜጋ ዋት እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያው ነፋስ በየደቂቃው ከቅጠል ላይ እርጥበት ጠርጎ ይወስዳል። የምናጠጣው ውሃ ደግሞ ከአዋሽ ተቀድቶ፣ ተጣርቶ፣ በክሎሪን ታክሞና በፓምፕ ተገፍቶ እኛ ዘንድ የደረሰ የመጠጥ ውሃ ነው። በፈረቃ የሚደርሰንን የመጠጥ ውሃ ለሣር ማፍሰስ ተገቢ ሆኖ አይታየኝም፤ ይህን ሁሉ የጻፍሁትም ከዚህ እምነት ተነሥቼ ነው።

ውሃ ቆጣቢ አትክልት ማለት ጠጠርና ቁልቋል ማለት ነው?

አይደለም፤ በጣም የተስፋፋው ስሕተትም ይኸው ነው። ይህ የአትክልት አያያዝ በውጭው ዓለም ዜሪስኬፕ ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ ስሙን በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት የሚገኘው የዴንቨር ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ነው። የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል በግሪክኛ «ደረቅ» ማለት ነው። በኋላም እንደ ላስ ቬጋስ ያሉ የበረሃ ከተሞች ነዋሪዎቻቸው ሣራቸውን እንዲያነሡ ገንዘብ እስከ መክፈል ደርሰዋል። የኔቫዳ ግዛት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ በመንገድ አካፋዮችና በንግድ ሕንፃዎች ደጃፍ ያለውን፣ ማንም የማይረግጠውን የጌጥ ሣር ከ2027 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት ከልክሏል። በዚያ አገር አንድ ካሬ ሜትር ሣር ሲተካ በዓመት ከ2,000 ሊትር በላይ ውሃ እንደሚድን የአካባቢው የውሃ ባለሥልጣን ያሰላል።

ነገር ግን ላስ ቬጋስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አዳማ የምታገኘው ወደ 800 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የእኛ ችግር ዝናቡ ማነሱ ሳይሆን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በአንድ ላይ ወርዶ፣ በጎርፍ መልክ አልፎን መሄዱ ነው። ስለዚህ ከእነርሱ የምንወስደው ቁጠባውን እንጂ ጠጠሩን መሆን የለበትም። ግቢን ሙሉ በሙሉ በጠጠር የሸፈነ ሰው ቀን ፀሐይ ያጋለውን ድንጋይ ሌሊት ቤቱ ውስጥ ሙቀት ሲተፋበት ያገኘዋል፤ ከጠጠሩ ሥር ላስቲክ አንጥፎ ከሆነ ደግሞ የክረምቱን ውሃ ከገዛ አፈሩ ከልክሎ ወደ ጎረቤቱ ይሰድደዋል። አዳማ በኮረብታዎች የተከበበች ዝቅ ያለች ከተማ በመሆኗ ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ ሰዎች ይህን ልናደርግ አይገባም።

ታዲያ ዋናው ሐሳብ ምንድን ነው?

የግቢዎ ትልቁ ሮቶ አፈሩ ነው። እንደ እኛ አካባቢ ያለ ቀላልና አሸዋማ አፈር እንኳ በአንድ ሜትር ጥልቀቱ ውስጥ ተክል ሊመጥጠው የሚችል 100 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። በ100 ካሬ ሜትር ግቢ ይህ 10,000 ሊትር ወይም ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ነው፤ ያለ ክዳን፣ ያለ ቧንቧ፣ ያለ ወጪ። ነገር ግን አዘውትሮ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠጣ ሣር ሥሩ ከላይኛው ስንዝር ብዙም ስለማይወርድ ከዚህ ክምችት የሚደርሰው ትንሽ ነው። ወይራ፣ ግራር፣ ሽፈራው፣ ክትክታ ግን ሥራቸውን ወደ ታች ሰድደው ክረምት የገባውን ውሃ በጥር ይጠጣሉ። እንግዲህ ሥራው ሁለት ነው፦ ዝናቡ ግቢው ውስጥ እንዲሰርግ ማድረግና ጠልቆ የሚጠጣ ተክል መትከል። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚከተል ነው።

ሣሩን ሳላነሣ ውሃውን ብቻ ባቋርጥበትስ?

ይቻላል፤ ለብዙ ሰውም ከሁሉ የረከሰው መንገድ ነው። ግቢዎ የለበሰው ሰርዶ ከሆነ በበጋ ቢጫ ይሆናል እንጂ አይሞትም፤ ከመሬት በታች ባለው ግንዱ ተኝቶ ይቆይና በመጀመሪያው ደህና ዝናብ ያቆጠቁጣል። ከደጋ የመጣው ኪኩዩ ሣር ግን ይህን ያህል አይታገሥም። ለጥቂት ወራት ቢጫ ግቢ ማየት የማይከብደው ሰው ዶማ ሳያነሣ የውሃ ሒሳቡን ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም ጥላ፣ አበባና ለምግብ የሚሆን ቅጠል ከዚህ አያገኝም፤ አቧራውም አይቀርለትም።

ሰርዶን እንዴት ማጥፋት ይቻላል?

«እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» የሚለውን ተረት ያወቀ ሰው ሰርዶ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ያውቃል። የጣት አንጓ የምታህል ቁራጭ አፈር ውስጥ ከቀረች አዲስ ሣር ታወጣለች። ስለዚህ በትራክተር ወይም በዶማ መገልበጥ ብቻውን ከማጥፋት ይልቅ ማባዛት ይሆናል። እኔ የተጠቀምሁበትና የምመክረው መንገድ ፀሐይን መጠቀም ነው፤ ለዚህ ደግሞ አዳማ የታደለች ናት።

በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ሣሩን እስከ አፈሩ ድረስ ያጭዱት፤ መሬቱን አንድ ጊዜ በደንብ ያርጥቡት፤ ከዚያም ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ሸፍነው ዳርና ዳሩን በአፈር ይቅበሩት። እርጥቡ አፈር ከላስቲኩ ሥር እየጋለ ሣሩንና አብዛኛውን የአረም ዘር ይቀቅለዋል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ላስቲኩን ገልጠው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ በሹካ አካፋ እየፈነቀሉ የቀረውን ሥር በእጅ ይልቀሙ። ይህ ክፍል አድካሚ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ቢያሠሩም አጠገቡ ቆመው ሥሩ ከአፈሩ ተለይቶ መውጣቱን ይዩ፤ ችኮላ የተደረገበት ማዕዘን በክረምቱ ራሱን ይገልጣልና። የለቀሙትን ሥር በፀሐይ እስኪደርቅ አስጥተው ያስወግዱት እንጂ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አይጨምሩት። በክረምቱ ብቅ የሚለውን በየሳምንቱ ይንቀሉ።

የአረም መድኃኒት የሚጠቁሙም አሉ። እንዲህ ያለው መድኃኒት የሚሠራው ሣሩ ለምልሞ በሚያድግበት ወቅት ሲረጭ ነው፤ የደረቀ ሣር ላይ ቢረጩት ገንዘብ ማባከን ብቻ ነው። ሕፃናት፣ ዶሮና የጉድጓድ ውሃ ባለበት ግቢ ግን እኔ አልጠቀምበትም።

ተከላው መቼ ይሁን?

ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ፤ ዝናቡ መዘርጋቱን ካረጋገጡ በኋላ። የበልጉን ዝናብ ተማምኖ መትከል አያዋጣም፤ አንድ ጊዜ ዘንቦ ወር ሊጠፋ ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን ዙር የተከልሁት ጥቅምት ላይ ነበር፤ አየሩ ደስ የሚል ስለነበረ ተስማሚ መስሎኝ። ችግኞቹ ሥራቸውን ሳያወርዱ የኅዳር ነፋስ ደርሶባቸው ከግማሽ በላይ ደረቁ። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያኑ ዓይነቶች በሐምሌ ተክዬ አብዛኞቹ ጸደቁ። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ከሦስት ወር ያላነሰ ዝናብ ጠጥቶ በጋውን ይቀበላል።

ምን ዓይነት ተክሎችን ልምረጥ?

ከዛፍ ይጀምሩ። አንድ በሚገባ የተቀመጠ ዛፍ ከሥሩ ያለውን መሬት ከፀሐይ ከልሎ የሌሎቹን ተክሎች ጥማት ይቀንሳል፤ ቤቱንም ያቀዘቅዛል። በቤቱ ምዕራብ በኩል ቢተክሉት የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ይመክትልዎታል። ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ አንዴ ከያዘ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ቅርንጫፉም ለእንስራና ለግራ ማጠኛ ይፈለጋል። ሽፈራው በተቃራኒው በሁለት ዓመት ከቤት ጣሪያ ይደርሳል፤ ቅጠሉም እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ ነው። ነገር ግን እንጨቱ ተሰባሪ ስለሆነ በአዳማ ነፋስ ከመስኮትና ከኤሌክትሪክ መስመር ራቅ ብሎ ቢተከልና በየዓመቱ ቢገረዝ ይሻላል። ኒም ድርቅን በጣም ይችላል። የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው ባለ ቀይ አበባው ዛፍ ውብ ነው፤ ሥሩ ግን በላይ በላዩ ሰፍቶ ስለሚሄድ ከአጥር፣ ከመሠረትና ከፍሳሽ ጉድጓድ ርቆ ካልተተከለ ይጎዳል።

ቀጥሎ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁጥቋጦ ይደርድሩ። ክትክታ፣ አጋምና ቡገንቪሊያ ለዚህ ምቹ ናቸው። ቡገንቪሊያ ውሃ ሲበዛበት ቅጠል እንጂ አበባ እንደማይሰጥ ያስተዋለ ሰው ለምን ይህን ተክል እንደምወድ ይገባዋል፤ ሲጠማ ነው የሚያብበው።

ለዝቅተኛው ሽፋን እሬትን የሚያህል የለም። በአገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ አገር የሉም። ብርቱካንማና ቀይ አበባቸው በበጋ ሲወጣ ትንንሽ አበባ ቀሳሚ ወፎችን ይሰበስባል። ከወንዝ ዳር ወይም ከተራራ ነቅሎ ማምጣት ግን አይገባም፤ ከእናት ተክሉ ሥር የሚወጣውን ጫጩት ችግኝ ከሰው ግቢ መለመን ይበቃል። ቃጫም ጠንካራ ነው፤ የቅጠሉ ጫፍ እሾህ ስለሆነ ሕፃናት ከሚሮጡበት ያርቁት።

ከወጥ ቤቱ አጠገብ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና አሪቲ ይኑሩ። በሶብላና ጠጅ ሣር ከእነዚህ ይልቅ ውሃ ስለሚወዱ ለብቻቸው፣ ለቧንቧው በሚቀርበው ቦታ ቢሆኑ መልካም ነው። በአጠቃላይ የሚጠማውን ከሚጠማው፣ የማይጠማውን ከማይጠማው ጋር መደልደል የዚህ ሥራ ግማሽ ነው፤ እሬትና በሶብላ ጎን ለጎን ከተተከሉ ከሁለቱ አንዱ መጎዳቱ አይቀርም። ጦስኝን በአዳማ ለማላመድ የሚደክሙ ሰዎች አሉ፤ ጦስኝ የብርድ አገር ተክል ስለሆነ ከሙቀቱ ጋር ባያታግሉት እመርጣለሁ።

የማይተከሉ ተክሎች አሉ?

አሉ። የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ አበባው ያማረና ድርቅ የማይፈራ ቢሆንም ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ወደ ግጦሽና ወደ ዱር ያዛምቱታል። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ በታችኛው የአዋሽ ሸለቆ የአርብቶ አደሩን መሬት እንዴት እንደወረሰ የታወቀ ስለሆነ ለአጥርም ቢሆን መትከል አይገባም። ኦሊያንደር ድርቅን ቢችልም ቅጠሉም፣ አበባውም፣ እንጨቱም መርዝ ነው፤ ልጅና ከብት ባለበት ግቢ ባይኖር ይሻላል። ቅንጭብና ቁልቋል ሲቆረጡ የሚያፈስሱት ነጭ ወተት ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ሲገርዟቸው ዓይንዎን ይሸፍኑ፣ ከነካዎ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥበው ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ድንኳን የት ይተከላል? በዓልስ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው፤ ትክክልም ናቸው። የእኛ ግቢ ማየት ብቻ የምንሻው የአበባ መደብ አይደለም፤ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚጣልበት፣ ለሠርግ ድስት የሚጣድበት፣ ለፋሲካ በግ የሚታረድበት፣ ማታ ማታ ቡና የሚፈላበት ቦታ ነው። ይህን ያላገናዘበ የግቢ ንድፍ፣ ከውጭ አገር ፎቶግራፍ የተቀዳ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ለቅሶ ተረግጦ ይጠፋል።

ስለዚህ ተክል ከመምረጥዎ በፊት ከበሩ እስከ ቤቱ መግቢያ ያለውን፣ ድንኳን የሚያርፍበትን ስፍራ በገመድ ለክተው ለብቻው ያስቀምጡ። 5 በ8 ሜትር የሆነ ክፍት ቦታ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ይህን ቦታ በሲሚንቶ አይድፈኑት፤ በመካከሉ ክፍተት እየተተወ የሚነጠፍ ኮብልስቶን ወይም በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ውሃ ያሳልፋል፣ ለካስማም ይመቻል። ዛፎችና ቁጥቋጦዎች በዙሪያው ይሁኑ። ልጆች የሚንከባለሉበት፣ እርስዎም በጫማ ሳይሆን በባዶ እግር የሚረግጡት ሣር ካማረዎ ደግሞ 15 ወይም 20 ካሬ ሜትር ያስቀሩ፤ ሰርዶው ይበቃል፤ ዙሪያውን ግን ወደ ሌላው እንዳይሻገር ከመሬት ስንዝር ተኩል በሚወርድ ድንጋይ ይከልሉት። እኔ ያስቀረሁት ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ያለውን ቁራጭ ነው። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማ እንደሆነ ድሮም ከገበያ እንጂ ከግቢያችን አይመጣም።

የዝናቡን ውሃ ግቢው ውስጥ እንዴት ላስቀር?

100 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ በ800 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ከ60 ሜትር ኩብ ያላነሰ ውሃ ያወርዳል። አሸንዳ ሠርተው ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ቢያስቀምጡ በሐምሌ ውስጥ ደጋግሞ ይሞላል፤ ሮቶው አንዴ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ግን ማረፊያ ያስፈልገዋል። ይህም ማረፊያ ግቢው ነው። የሮቶውን ትርፍ ውሃ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ወደ ራቀ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎደጎደ መደብ ይምሩት፤ በእያንዳንዱ ዛፍ ሥርም ዳገቱ ባለበት በኩል የተከፈተ የግማሽ ጨረቃ ክትር ይሥሩ። የተከተረው ውሃ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መስረግ አለበት፤ ካልሰረገ አፈሩ ተጠቅጥቋል ማለት ስለሆነ ቆፍረው ፍግ ይቀላቅሉበት።

የውሃ ማጠራቀሚያን ክፍት መተው ፈጽሞ አይገባም። የወባ ትንኝ በገጠር ረግረግ ብቻ ትራባ የነበረበት ጊዜ አልፏል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሃር የተገኘችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ዝርያ በከተማ በርሜልና ታንከር ውስጥ የምትራባ ናት። ክዳኑን ይግጠሙ፤ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቀዳዳ በወንፊት ይሸፍኑ።

እጣቢ ውሃ ለተክል ይሆናል?

የልብስና የገላ እጣቢ ለዛፍና ለቁጥቋጦ ይሆናል፤ ቅጠላቸው ለሚበላ አትክልቶች ግን አይሆንም። በረኪና የገባበትንና የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበትን ይድፉት። እጣቢን ከአንድ ቀን በላይ አያሳድሩ፤ ይሸታልና። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ጨው በአፈር ውስጥ ስለሚከማች ሁልጊዜ አንድ ዛፍ ሥር ሳይሆን በየተራ ያዘዋውሩት፤ ክረምቱ ሲመጣ የተከማቸውን አጥቦ ይወስደዋል። ዕቃ የታጠበበት ውሃ ቅባት ስላለው አፈሩን ይደፍናል።

የጉድጓድ ውሃ አለኝ፤ ለምን እቆጥባለሁ?

የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድና ሶዲየም ይበዛበታል፤ የጥርሳችን ቀለም ይመሰክራል። ሶዲየም የበዛበት ውሃ ዓመት ሙሉ ሲጠጣ አፈሩ እየጠበቀ ውሃ ማስረግ ያቆማል። ፍሎራይዱ ደግሞ እንደ ድራሴና ያሉትን ስስ ተክሎች የቅጠል ጫፍ ያቃጥላል፤ ብዙ ሰው ይህን የውሃ ጥም መስሎት ውሃ ይጨምራል፣ ቃጠሎውም ይብሳል። ስለዚህ የጉድጓድ ባለቤት ከሌላው ይልቅ ጥቂት የሚጠጡ ተክሎች ያስፈልጉታል።

አፈሩን በምን ልሸፍን?

ባዶ የቀረ አፈር ውሃውንም ለነፋስ፣ ራሱንም ለጎርፍ ይሰጣል። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ያንጥፉ። በአዳማ ዙሪያ በቀላሉ የሚገኘው፣ ሬድ አሽ የምንለው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀላል፣ ቀዳዳማና ነፋስ የማይወስደው ስለሆነ በተክሎች መካከል ጥሩ ሽፋን ነው፤ ተክሎቹ አድገው እስኪያጠሉት ድረስ ብቻ ያገለግላል እንጂ የተክልን ቦታ አይተካም። ለዛፍ ሥር የደረቀ ቅጠል ወይም የቡና ገለባ የተሻለ ነው፤ እየበሰበሰ አፈሩን ያዳብራልና። ጭድና እንጨት ነክ ነገር ምስጥ ስለሚስብ ከቤቱ ግድግዳም ከዛፉ ግንድም አንድ አንድ ክንድ ይራቅ። ሰጋቱራን ከላይ ያንጥፉ እንጂ ከአፈር ጋር አይቀላቅሉ፤ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻማል።

ከተተከለ በኋላ ስንት ጊዜ ውሃ ይጠጣል?

ውሃ ቆጣቢ ማለት ውሃ የማይሻ ማለት አይደለም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች። በመጀመሪያው በጋ ለእያንዳንዱ ቁጥቋጦ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ጀሪካን፣ ለዛፍ ሁለት፤ በሁለተኛው በጋ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ፤ ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ሲጠወልግ ካዩ ብቻ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ስለሚያስለምደው ጉዳት ነው፤ በአንድ ጊዜ በዝግታ፣ ጠልቆ እስኪገባ ያጠጡ። ጠብታ መስኖ ለመዘርጋት አቅም የሌለው ሰው ታችኛው ጎኑ በመርፌ የተበሳ ጀሪካን ከሥሩ አጠገብ ቢያስቀምጥ ያው ሥራ ይሠራለታል። ጊዜው ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል።

ግቢውን የሚንከባከብ ሠራተኛ ካለዎት ይህን ደጋግመው ያስረዱት። ውሃ ያላጠጣ አትክልተኛ ሥራ የፈታ ስለሚመስለው በቅንነት በየቀኑ ያጠጣና እሬቱን ያበሰብሰዋል።

ወጪው ከአቅሜ በላይ ይሆን?

ገንዘቡ የሚወጣው በአብዛኛው ሣሩን ለማንሣት በሚከፈል የጉልበት ዋጋና በጠጠር ማጓጓዣ ነው። ለ50 ካሬ ሜትር መደብ 3 ሜትር ኩብ ሬድ አሽ ይበቃል፤ ይህ ሙሉ ሲኖ ትራክ አይሞላም፤ ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ ማስመጣት ወይም በጋሪ ማመላለስ ይቀላል። ችግኝ ግን እምብዛም መግዛት አያስፈልግም። እሬት ጫጩት ያወጣል፤ የጥብስ ቅጠል፣ አሪቲና ቡገንቪሊያ ከቅርንጫፍ ይባዛሉ። በግንቦት ከወዳጅ ቤት ቆርጠው በአሮጌ የዘይት ጀሪካን ቢያጸድቁ በሐምሌ ለተከላ ይደርሳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግቢውን በአንድ ጊዜ መለወጥ ግዴታ አይደለም፤ በየዓመቱ አንድ አራተኛውን መሥራት ስሕተቱንም ትንሽ ያደርገዋል።

ቁጥቋጦ እባብ አያመጣም?

እባብ የሚመጣው ለአይጥና ለመደበቂያ ነው። የተከመረ እንጨት፣ ቆሻሻና ያልተጨረገደ ሐረግ ካላስቀመጡ፣ ከቁጥቋጦው ሥር እስከ ጉልበት ያለውን ቅርንጫፍ ገርዘው ብርሃን ካስገቡ የሚያሰጋ ነገር የለም።

ተከራይ ነኝ፤ ምን ላድርግ?

አከራይዎን ሳያስፈቅዱ ሣር አያንሡ። እስከዚያው እሬት፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠልን ከሥሩ በተበሳ ባልዲ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ይትከሉ፤ አንድ ሦስተኛ ሬድ አሽ፣ አንድ ሦስተኛ አፈር፣ አንድ ሦስተኛ የበሰበሰ ፍግ ቢቀላቅሉ ውሃው አይተኛበትም። ባልዲዎቹን የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር አጠጋግተው ይደርድሯቸው፤ ተራርቀው ከተቀመጡ ነፋሱ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ያደርቃቸዋል። ቤት ሲቀይሩም ተጭነው አብረውዎት ይሄዳሉ።